አንድ ጣት ማር

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መጋረጃ» የሚላቸው ያለ ነገር አይደለም፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት ሲያለብሱ ኖረዋል። የራሳቸው መስኮት ግን እስካሁን ራቁቱን ነው። ባለቤታቸው ንብ አርቢ ነበሩ። ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ለሚስታቸው የተዉላቸው አንድ ጀሪካን ማርና ደንቡሼ የሚባል ሽማግሌ ውሻ ነው።

ባልየው ስኳር ነበረባቸው። ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ከገዛ ማራቸው በጣት ልቅመስ ብለው ለመኑ። እትዬ መጋረጃ ደግሞ በሕክምና ነገር ቀልድ አያውቁም። «ሐኪም ከልክሎህ የለ! አርፈህ ተኛ!» አሏቸው። ባልየውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ያ አዟዟር እትዬ መጋረጃን እንደ እግር እሳት ሲያንገበግባቸው ከረመ።

እናም ደንቡሼን ሳል ሲይዘው አንድ ማንኪያ ማር አላሱት፤ ተሻለው። እዚያ ላይ ማቆም ነበር፤ ግን የውሻው ዓይን አላስችል አላቸው። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ፤ ቀን ደግሞ ከስፌት መኪናው ሥር ሆኖ ቀና ብሎ ካያቸው ጣታቸውን ነክረው ይሰጡታል። ሁለተኛ ለማንም ማር አልከለክልም ብለው ምለው ነበር።

ከወራት በኋላ ደንቡሼ ውኃ በባልዲ ይጨርስ፣ ምንጣፍ ያበሰብስ፣ ስሙ እስኪያሳፍረው ድረስ ይከሳ ጀመር። እሳቸው ሐዘን መስሏቸው ማሩን ጨመሩለት።

በመጨረሻ ሲወስዱት የእንስሳት ሐኪሙ ደሙን መርምሮ፣ «እማማ፣ ስኳር ይዞታል» አላቸው።

እትዬ መጋረጃ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «እኔ ነኝ ያስያዝኩት?»

«ማር ለውሻ መርዝ አይደለም። ጤነኛው አልፎ አልፎ ትንሽ ቢልስ አይጎዳውም። በየቀኑ እንዲህ መሆኑ ግን ደግ አይደለም፤ ለዚህኛውማ አባብሶበታል። ከዛሬ ጀምሮ ማር የለም። ጠዋትና ማታ፣ ምግቡን ሲበላ፣ መርፌ ይወጉታል።»

በአራተኛው ጠዋት ደንቡሼ ምግቡን አሽትቶ ተወው። እሳቸው ግን ሰዓቱ እንዳያልፍ ብለው ወጉት። ብዙም ሳይቆይ ተንገዳግዶ ወደቀ፤ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። እትዬ መጋረጃ ስልክ መቱ።

«በልቷል?» አለ ሐኪሙ።

«አልበላም።»

«ስኳሩ ወርዶበት ነው! ማር ድዱን ይቅቡት፤ አሁኑኑ! ከዚያ ይዘውት ይምጡ።»

እጃቸው ጀሪካኑ ላይ ደርቆ ቀረ። በማር ያሳመሙትን ውሻ በማር ሊገድሉት መሰላቸው። ሆኖም ቀቡት። ምላሱ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። የደንበኛ መጋረጃ ይሁን የራሳቸው ሳያዩ ባገኙት ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ሮጡ።

«እንኳን ደረሱለት» አለ ሐኪሙ፣ የውሻውን ልብ አዳምጦ ሲጨርስ። «ካልበላ ግን ሳይደውሉልኝ እንዳይወጉት።»

እትዬ መጋረጃ አልተነሡም። «ልጄ፣ ሊሞት ሦስት ቀን የቀረው የስኳር ሕመምተኛ አንድ ጣት ማር ቢቀምስ ምን ይሆን ነበር?»

ሐኪሙ ፊታቸውን አየና ደነገጠ። «እኔኮ የሰው ሐኪም አይደለሁም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ስለ ውሻ ጠየቀችኝ በልና ንገረኝ።»

ሐኪሙ የደንቡሼን ራስ ዳበሰ። «ውሻ ቢሆን» አለ በመጨረሻ፣ «አልከለክለውም ነበር።»