ጨዋታዬ ላይ የተቀዳው ዱዓ

ታላቅ ወንድሜ የኮምፒውተር ጨዋታ ካሴቶቼን ሳይጠይቀኝ ወስዶ ዱዓና መንዙማ ቀዳባቸው። በደሉ ይኸው ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኔ ያኔም አልሳቅሁም፣ አሁንም አልስቅም።

ኮምፒውተር ስል ዛሬ ከሚሴ ውስጥ በየቢሮው የተቀመጠውን ማለቴ አይደለም። የእኔው ፊደል የተደረደረበት ሰሌዳ ብቻ ነበር። የራሱ ስክሪን የለውም። አንዱን ሽቦ ቴሌቪዥን ላይ ትሰካለህ፣ ሌላውን ቴፕ ላይ ትሰካለህ፣ አለቀ። ጨዋታው ያለው ካሴት ውስጥ ነው፤ ዘፈን የሚቀዳበት ተራ ካሴት። ያመጣሁት ከጅዳ ነው። እዚያ የሰው ግቢ እጠብቅ፣ መኪና አጥብ ነበር። የአሠሪዬ ልጅ አዲስ ሲገዛለት አሮጌውን ሊጥለው ሲል "ለእኔ ስጠኝ" አልኩት፤ ሳቀና ሰጠኝ። ወደ አገር ስንመለስ ሌላው ብርድ ልብስና ወርቅ ይዞ ገባ፣ እኔ ይህንን ይዤ ገባሁ።

ያኔ ፊደል የሚባል አላውቅም። ሰሌዳው ላይ የዐረብና የፈረንጅ ፊደል ጎን ለጎን ተጽፏል፤ ለእኔ ሁለቱም የጉንዳን ሰልፍ ነበር። ካሴቱን ለማስጀመር የሚጻፈውን ቃል ያጠናሁት በጣቴ ነው፤ መጀመሪያ ይሄን፣ ቀጥሎ ከጎኑ ከፍ ብሎ ያለውን፣ ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን። ከዚያ ቴፑን ትከፍታለህ። ካሴቱ ይጮሃል፤ ዝገት የያዘው የብረት በር ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት ጩኸት። የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር ይራወጣል። አንተ ሻይህን ጠጥተህ ትጨርሳለህ። ብዙ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ይከሽፋል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለህ። ሲሳካ ግን፣ ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የምወደው ጡብ የሚፈርስበትን ነበር። ከላይ የጡብ ግንብ፣ ከታች ወዲህ ወዲያ የምትል ዱላ፣ መሃል ላይ የምትነጥር ኳስ። ኳሷ እንዳትወድቅ በዱላዋ ትመልሳታለህ፤ የነካችው ጡብ ይጠፋል። ሌላ ነገር የለውም።

አስፋልቱ ዳር የጎማ ጥገና ቤት ከፍቼ ነበር። ማሽኑን ያስቀመጥኩት ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። ጎሚስታዬ ጋ ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሹፌር ሁሉ እየገባ ያያል።

"አንተ፣ ጅዳ ድረስ ሄደህ የተማርከው ግንብ ማፍረስ ነው?" አለኝ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር።

"አንተስ ጎማ ከማፈንዳት ሌላ ምን ተማርክ?"

"እስቲ ዞር በል፣ ልሞክራት።"

ኳሷ ወዲያው አመለጠችው። ደገመ፣ አመለጠችው። "ይቺ ኳስ ሰው ትለያለች!" አለ። ጎማው ተለጥፎ ካለቀ በኋላም አልነሳ ብሎ ረዳቱ ክላክስ እየነፋ ነው ያስወጣው።

ብዙ ጡብ ያፈረሰ ሰው ሲገኝ ማሽኑ "ስምህን ጻፍ" ይላል። መጻፍ የሚችሉት ሹፌሮች ይጽፋሉ። ከሁሉም የምበልጠው እኔ ነበርኩ፣ የምጽፈው ግን የለኝም። ዝም ብዬ አሳልፈዋለሁ። ከላይ፣ አንደኛው ቦታ ላይ፣ ነጥቡ አለ፣ ስሙ ባዶ ነው።

"ይሄ ባዶው ማነው?" ይላሉ።

"እኔ ነኛ።"

"ስም አላወጡልህም እንዴ?"

ይስቃሉ። መብራት ሲጠፋ የሁሉም ስም አብሮ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ይጥፋ። አንድ ቀን ብቻ፣ ሰዎች ቆመው እያዩ፣ ስሜ እዚያ ከላይ ተጽፎ ማየት ፈለግሁ። የጎልማሶች ትምህርት የተመዘገብኩት ለዚሁ ነው፤ ለሌላ አይደለም። ያን ጊዜ በእኛ ዞን ኦሮምኛ በቁቤ መጻፍ ተጀምሮ ነበር። ቁቤ ደግሞ የፈረንጁ ፊደል ነው። የስሜን መጀመሪያ ፊደል የተማርኩ ዕለት ክፍሉ እስኪለቀቅ አልጠበቅሁም፤ ሮጬ ቤት ገብቼ ሰሌዳው ላይ ፈለግኋት። አለች። ስንት ዘመን ጣቴ በላይዋ ሲያልፍ ኖሯል።

ስሜን አሟልቼ መጻፍ የቻልኩ ሰሞን የአክስቴን ሞት ተረዳሁና ለለቅሶ ሰንበቴ ከተማ ወረድኩ። ስመለስ ካሴቶቹ የሉም። ባለቤቴ "ወንድምህ ወሰዳቸው፤ አባታችሁ ቤት ወዳጃ አለ" አለችኝ። አባታችን ጨፋ ሮቢት ነበር የሚኖረው። በወዳጃው ሰው ተሰብስቦ ዱዓ ይደረጋል፣ ድቤ እየተመታ መንዙማ ይባላል፤ ዱዓውን የሚመራው አባታችን ነው። ድምፁ ያማረ ስለነበር ሰው ሁሉ "ይቀዳ፣ ይቀዳ" ይላል። ባዶ ካሴት ሲጠፋ ወንድሜ የእኔን አሰበ።

አባታችን ቤት ሄድኩ። ጎረቤቶች ተቀምጠው ነበር።

"ካሴቶቼስ?"

"ይኸው። በጣም ጥርት ብሎ ተቀድቷል" አለ ወንድሜ።

"ምን ላይ ነው የቀዳኸው? ውስጡ ጨዋታ አለ እኮ!"

"የምን ጨዋታ? ከፍቼ ሰማሁት፤ ጩኸት ብቻ ነው። የተበላሸ መስሎኝ።"

"ካሴቱ ጀርባ ላይ ያለው ቀዳዳ የተከፈተው እንዳይቀዳበት ነው። ማን ደፈነው?"

"እኔ፣ በወረቀት። ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ዱዓ ቀዳሁበት እንጂ ስድብ ቀዳሁበት?"

"ጩኸት ወጥቶ ዱዓ ገባ፣ አልሐምዱሊላህ በል እንጂ!" አለች አንዷ ጎረቤት፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ከብቴን ሸጦብኝ ቢሆን እከሰዋለሁ። እህሌን ወስዶ ቢሆን ሰው ይፈርድልኛል። ዱዓ ቀዳብኝ ብሎ የሚከስ ማነው? ዱዓውን አጥፉልኝ ብል ደግሞ ከሃዲ ነው የምባለው።

ካሴቶቹን ይዤ ቤቴ ገብቼ ሁሉንም ሞከርኳቸው። ቴሌቪዥኑ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቴፑ ላይ ሳዳምጥ የአባቴ ድምፅ፣ ድቤው፣ የሕዝቡ "አሚን"። አንደኛው ካሴት ላይ ሰው ሁሉ ዝም ካለ በኋላ መጨረሻው ላይ ያ ጩኸት ትንሽ ተርፏል። ጨዋታው ግን ከመሃል አይነሳም። ያችን የተረፈችውን ስንቴ እንደሰማኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከወንድሜ ጋር መነጋገር ያቆምን ከዚያ ጀምሮ ነው። አባታችን ሲሞት ቀብሩ ላይ በአንድ ወገን ቆመን አልተያየንም። ከዚያ ካሴቶቹን ፈልጎ ሰው ላከ፤ የአባታችን ድምፅ ሌላ ቦታ የለም። "ካሴቱ የእኔ ነው" ብዬ መለስኩ። በሚቀጥለውም ዓመት ላከ፣ ያንኑ መለስኩ። ልበ ደንዳና አሉኝ። ይበሉ። "ያንተ ነበር" የምትል ቃል ከአፉ እስክትወጣ አልሰጥም አልኩ። ከአፉም አልወጣችም። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ሁለታችንም ያው ነን።

ማሽኑ አሁን አይበራም። አንድ ጠጋኝ ከፍቶ "ውስጡ በስብሷል፣ ለጌጥ አስቀምጠው" አለኝ። አምና የሞባይል ካርድ የምትሸጥ ሴት ያንኑ የጡብ ጨዋታ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። እጄ አልረሳውም። ስም ሲጠይቀኝ ጻፍኩ።

"ይኸው፣ አባባ፣ አንደኛ ወጡ!" አለች።

ገና ሳላየው ማስታወቂያ መጣና ሸፈነው። ማስታወቂያው ሲሄድ አየሁት፤ ስሜ ነው። የምጠራው ሰው ግን የለም። እነዚያ ሹፌሮች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ የት እንደደረሱ አላውቅም። ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

ዘንድሮ ረመዳን ሳይገባ አበጋሩ ቤቴ መጡ። በእኛ አገር ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሥራው ከአባት ከአያት የወረደላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው መጥተው እንቢ አይባልም። ወንድሜን ይዘውት ነው የመጡት። አርጅቷል። በምርኩዝ ነው የገባው።

"ምን ወሰደብህ?" አሉኝ።

"ካሴት።"

"ካሴቱ ማን ጋ ነው?"

"እኔ ጋ።"

"ድምፅ አለው?"

"አለው።"

"የማን?"

"የአባታችን።"

"ታዲያ ምን ጠፋብህ፣ ልጄ?"

"ጡብ" አልኳቸው።

አብረዋቸው የመጡ ሌላ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። አበጋሩ አልሳቁም። "አንድ ሰው ጡብ ነው የጠፋብኝ ካለ ጡብ ነው" አሉና ወደ ወንድሜ ዞረው ጮክ ብለው ተናገሩ፣ ሦስቴ ደገሙለት። ለካ ጆሮው ከብዷል። ማንም አልነገረኝም፤ ማን ይነግረኛል?

ወንድሜ ሲገባው ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ፦

"ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ያንተ ነበር። ሳልጠይቅህ ወሰድኩ" አለ።

ይህችን ነበር የፈለግኋት። ስትመጣ እንደማርፍ ነበር የማስበው። ካሴቶቹን ከሣጥን አወጣሁ። ቴፑን ከፈትኩለት። የአባታችን ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ አበጋሩ እጃቸውን ዘርግተው "አሚን" ይላሉ። ወንድሜ ግን ፊት ፊታችንን ያያል።

"ከፍተኸዋል?" አለኝ።

እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩለት። ቴፑን አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ራሱን ነቀነቀ። በሌላኛው ጆሮ ሞከረ። ከዚያ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፣ መዳፉን ድምፁ በሚወጣበት ላይ አሳረፈ፣ ቆየ።

"ድቤው ይሰማኛል" አለ። "እሱ ምን እያለ ነው?"

አጠገቡ ተቀምጬ፣ አባቴ ያለውን እየተከተልኩ፣ ጆሮው ሥር ጮክ ብዬ ነገርኩት። ካሴቱ እስኪያልቅ ነገርኩት። በጤናማ ጆሮው መስማት ይችል ነበር፤ ስንት ዓመት። ያን የሚመልስ አበጋር የለም።

ካሴቶቹን ይዞ ሄደ። ጉዳዩ ያለቀው ሐሙስ፣ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።