ያልተሸመደደው ንግግር

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የበረኪናና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነው። አሥራ አንድ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከኋላዬ ተማሪዬ ነበረች፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር ነው የያዟት። የራሴን እስር ችዬው ነበር። የሷ ግን አንገበገበኝ።

ጥፋታችን፣ ጥፋት ከተባለ፣ እንግሊዝኛ ማውራት ነው። ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎበዝ ተማሪዎችን ንግግር አለማምድ ነበር። አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለኝ፤ ወረቀት የያዘ አይናገርም። የኛ ልጆች ችግር ሰዋስው አይደለም፣ ሽምደዳ ነው። "ራስህን አስተዋውቅ" ስትለው ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ የሸመደደውን ያንኑ ያዘንብብሃል። በዚያ ቅዳሜ "ሰፈራችሁ ቢፈርስ ምን ታጣላችሁ?" ብዬ ጠየቅኩ። የሷ ቤት የፈረሰው በቅርቡ ነው። ባዶ እጇን ተነስታ አራት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ተናገረች። አንዱ ተማሪ ደስ ብሎት በስልኩ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ማክሰኞ ፖሊሶች መጥተው ሁለታችንንም ወሰዱን።

ዓርብ የውጭ ነፃ ትምህርት የቃል ፈተና ነበራት። ሁለት ዓመት የተዘጋጀችበት ነው።

የክፍሉ ካቦ፣ አለቃ ማለት ነው፣ ጨርቅ ነጋዴ የሆኑ የወሎ እናት ነበሩ። ነገሩን ሲሰሙ፣ "ታዲያ ምን ያስቀምጣችኋል? ተለማመዱ እንጂ!" አሉን። ራሳቸው ፈታኝ ሆኑ። እሳቸው በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እኔ እተረጉማለሁ።

"ጥሩ ባል ቢመጣ ትምህርቱን ትተዪዋለሽ ወይ?"

ስቃ መለሰች።

"ምን አለች?"

"ይጠብቅ ነው የምትለው፣ እማማ።"

"አበጀሽ! አልፈሻል!"

ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ጠባቂዋ በሩን መታች፤ እኛም ድምፃችንን ቀንሰን ቀጠልን።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪው ልጅቷን አስጠራት። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ቲቸር፣ ፈርሚ ብለው ወረቀት ሰጡኝ።"

"ምን የሚል?"

"ንግግሩን ጽፋ ያስሸመደደችኝ አስተማሪዬ ናት የሚል። ከፈረምኩ ዛሬውኑ እወጣለሁ፣ ለፈተናው እደርሳለሁ። እስከ ከሰዓት አስቢበት አሉኝ።"

አጠገቤ አስቀመጥኳት። "ፈርሚ" አልኳት። "እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እወጣዋለሁ።" ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። እንቢ እንድትለኝ የፈለገ ልብም ነበረኝ፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ።

አፍጥጣ አየችኝ። "እንዴ! እኔ መቼ ሸምድጄ አውቃለሁ?"

"ጉዳዩ እሱ አይደለም፣ የኔ ልጅ።"

"እሱ ነው እንጂ! የኔን ንግግር የኔ አይደለም ብዬ ልፈርም? ነገ ፈታኞቹ ፊት በምን አፌ ነው የማወራው?"

እማማ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። "ተያት፤ የምትለውን ታውቃለች።"

ከሰዓት ሲጠሯት እጇን በውሃ አርጥባ የዩኒፎርሟን ኮሌታ አስተካከለች፣ ፀጉሯን ጠቅልላ አሰረች፣ ወጣች። ብዙም አልቆየች። በፊርማው ቦታ ላይ፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር ጽፋ መልሳላቸው ነበር፦ ንግግሩ የራሴ ነው፤ ስህተት ካለበትም ስህተቱ የራሴ ነው።

ፈተናው አመለጣት። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ እማማም ማንም እንዳያናግራት ከለከሉ። በአሥረኛው ቀን ያለ ክስ ለቀቁን። መርማሪው ስልካችንን ሲመልስልን ቀና ብሎ አላየንም።

ፎቶ ኮፒ ቤቱም ፈረሰ። ልምምዱን ወደ አፍንጮ በር አዛወርኩት። እሷ አሁን ስድስት ኪሎ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ጥያቄ የምታወጣው እሷ ናት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ልጅ ወረቀቷን ጨብጣ፣ "ብሳሳትስ?" አለቻት። እሷም ወረቀቱን ቀስ ብላ ከልጅቷ እጅ ወሰደችና "ተሳሳቺ፣ ምን ችግር አለው? የራስሽ ይሁን ብቻ" አለቻት።

ሃያ ዓመት ሙሉ አትሸምድዱ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንን በፊርማዋ ፋንታ የጻፈችውን አንድ መስመር ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።