አዳራሹን ስከለከል ሥዕሎቼን መናኸሪያ ሰቀልኳቸው

ዛሬ ጠዋት ጂንካ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ወደ ገዘር የሚሄድ ሚኒባስ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና የእኔን ሥዕሎች ማንበብ ጀመረ።

በስልካችሁ የምታነቡትን፣ ድንች ነጋዴዋ አማት አብራት የምትነግደውን ምራቷን የምትነዘንዝበትን የሥዕል ታሪኬን ዛሬ በአዳራሽ ላሳይ ነበር። ፖስተር ለጥፌ፣ ሰው ጠርቼ ስደርስ አዳራሹ ለስብሰባ ተይዟል ተባልኩ። (ስብሰባው ስለ ወጣቶች ፈጠራ ነው አሉ።)

ቤቴ ልመለስ አልፈለግኩም። ገመድ ገዛሁ፣ የመናኸሪያውን ዘበኛ አስፈቀድኩና ሥዕሎቹን በልብስ መቆንጠጫ አጥሩ ላይ ሰቀልኳቸው።

መጀመሪያ የቆሙት ወደ ገዘር የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ወጣቷ የጻፍኩትን አማርኛ ለአማቷ ወደ አሪኛ እየመለሰች ታነብላቸዋለች። ሹፌሩ "ሞልቷል፣ ግቡ እንጂ" ሲላት፣ "ትንሽ ታገሰን ወንድሜ፣ እማማ መጨረሻውን ሳይሰሙ አይሄዱም" አለችው። እሱም ምን እንደሆነ ሊያይ ወረደ።

እማማ ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምራቲቱ ለምን ሁልጊዜ ዝም ትላለች? የእኔዋ እኮ ትመልሳለች" አሉኝ። ምራታቸው ሳቀች።

እውነታቸውን ነው። ከዛሬ ጀምሮ በታሪኬ ውስጥ ምራቲቱም እንድትመልስ አደርጋታለሁ።

እስካሁን በስልክ ስለጥፍ የልብ ምልክት እንጂ እንዲህ ያለ አስተያየት ደርሶኝ አያውቅም። ስማርት ስልክ የሌላቸው አንባቢዎቼ እዚሁ አጠገቤ ነበሩ።

ከእንግዲህ ለአዳራሽ ደጅ አልጠናም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ካኮ ገበያ ወርጄ እሰቅላለሁ።

እናንተስ በር ሲዘጋባችሁ ሥራችሁን የት ወስዳችሁ አሳያችሁ? ከታች ንገሩኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።