ጋሽ ፊውዝ የፈራው ሕክምና

ሰፈሩ ጋሽ ፊውዝ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት መስመር ሲዘረጋ የኖረ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሁለት ጊዜ ይዞት ስለለቀቀው ኤሌክትሪክን ያከብራል፤ ክፉ ጎረቤት ነው፣ ከሩቅ ሰላም ማለት ይበቃል ይላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳቋ ከስፌት መኪናዋ ጩኸት በላይ ይሰማ የነበረች ሴት ቀስ በቀስ ዝም አለች። መጀመሪያ ደንበኞቿን መለሰች፣ ቀጥሎ እህል እምቢ አለች፣ በመጨረሻም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ልጃቸው ውሃ በማንኪያ ብታቀርብላት እንኳ «ለእኔ አይገባኝም» ብላ ከንፈሯን ትገጥማለች። ሆስፒታል አስገቧት። መድኃኒት በመድኃኒት ላይ ተሞከረላት፤ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም።

አንድ ጠዋት ሐኪሟ አባትና ልጅን አስቀምጣ ስለ ኤሌክትሪክ ሕክምና ነገረቻቸው። የጋሽ ፊውዝ ደም ፈላ።

«እኔ ሰውን ከኤሌክትሪክ ሳስጥል ነው የኖርኩት፤ እናንተ ሚስቴን ልታስይዟት ነው?»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። በማደንዘዣ እንደምትተኛ፣ ጡንቻዋን የሚያላላ መድኃኒት እንደሚሰጣት፣ ኤሌክትሪኩም ሰከንዶች ብቻ እንደሚቆይ አስረዳችው። አንዳንድ ነገር ልትረሳ እንደምትችልም አልደበቀችውም። የሙያ ነገር ሆነና ቁጣው ሳይበርድ ጥያቄው ቀደመ፦ ኃይሉ ስንት ነው? በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ልብንስ አይነካም? ሁሉንም መለሰችለት። ለምን እንደሚያሽል ሲጠይቃት ግን ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«የሚያሽለው አንጎል ውስጥ የሚቀሰቅሰው መንቀጥቀጥ ነው። እንዴት እንደሆነ ግን አጥርተን አናውቀውም። ብዙዎች ሲነሱ እናያለን።»

የረታው ይኸው መልስ ነው። ሁሉን አውቃለሁ ብትለው ኖሮ ሚስቱን ይዞ ይወጣ ነበር። ለሚስቱም በዝግታ ነገሯት፤ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

የሕክምናው ቀን ለምኖ በክፍሉ በር አጠገብ ቆመ። ከአልጋዋ ስትፈናጠር አያለሁ ብሎ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ያየው ግን የአንድ እግሯን ጣቶች መርገብገብ ብቻ ነው። ወዲያው ነርሷ ኦክስጅኑን አስተካከለችላት።

«አለቀ?» አላት።

«አለቀ፣ ጋሼ።»

የመጀመሪያው ለውጥ አላመጣም፤ ሁለተኛውም እንደዚሁ። ተስፋው ሊሟጠጥ ሲል አንድ ቀን ገብቶ ሚስቱን ተቀምጣ ዳቦ ስትቆርስ አገኛት። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እንዲህ በተጨማደደ ሸሚዝ ነው በሰው ፊት የምትዞረው?»

ኮሪደር ወጥቶ አለቀሰ።

ከሆስፒታል ወጥታም መድኃኒቷን መዋጥ፣ በቀጠሮዋ መመለስ አልቀረላትም። ከመታመሟ በፊት ከነበሩት ወራት ጥቂቱ ጠፍቶባታል። አንዳንዴ ትናደዳለች፤ አንዳንዴ ደግሞ የሌላ ሰው ወሬ እንደምትሰማ ሁሉ፣ ከዚያስ፣ ከዚያስ እያለች ባሏን ታስወራዋለች።

አንድ ቀን ልጇ ከሕመሙ በፊት የተከራየችውን ቤት ልታይ ከባሏ ጋር ሄደች። መጋረጃው ዘንድ ስትደርስ ቆመች፤ ጠርዙን ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች።

«ማን ነው የሰፋው?»

ልጅቷ አባቷን አየች። «አንቺ ነሽ፣ እማዬ።»

እናት መጋረጃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ ረጅም ጊዜ መረመረችው።

«ጎበዝ ነበርኩ በይኛ» አለች።