የኢኖኬ ሁለት ኬብሎች

ኢኖኬ ሥርዓት ይወዳል። ይወዳል ብቻ ማለት አይበቃም፤ የተዘበራረቀ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። በር ላይ የተጣለ ጫማ ካየ ጎንበስ ብሎ ጥንድ በጥንድ ሳያሰልፍ ቤት አይገባም። ቤተክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ አንዱ ከረድፉ ግማሽ እርምጃ ወጣ ካለ፣ መዝሙሩ ሳይቋረጥ በክርኑ ገፋ አድርጎ ይመልሰዋል። በደሴቶች አገር ዋና ከተማ፣ በሱቫ ዳርቻ ባለ አንድ ሆስፒታል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ መጀመሪያ ስልክ አገናኝ ነበር፣ ኮምፒውተሮቹ ሲመጡ ደግሞ የሰርቨሩ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ክፍሏ ከመድኃኒት መጋዘኑ ጀርባ ናት፣ መስኮት የላትም፣ ብርዷ ያንሰፈስፋል። የሆስፒታሉ ራጅና ስካን ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ባለው አንድ የዩኒክስ ሰርቨር፣ ለሌሎቹ ማሽኖች ምስል በሚያድል ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው። እሁድ እሁድ ሌላው ሰው ለልጁና ለእርሻው ሲጸልይ፣ ኢኖኬ አንዲት ልመና ብቻ ነበረችው፦ በእኔ ማሽን ምክንያት ሰው አይጎዳብኝ።

ኮምፒውተሮቹ ሲገቡ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የሰጠው እሱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እንደመጣለት ያድል ነበር። ኢኖኬ ግን ለሐኪሞቹ ማሽኖች በሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ሰጠ፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት እያለ ቀጠለ። ጎዶሎ ጎዶሎውን ለማተሚያዎቹ ተወ። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይኼ ሐኪም ነው፣ ይኼ ማተሚያ ነው ማለት ይችላል። ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት ጽፎ፣ ላስቲክ አልብሶ በሩ ላይ ለጥፎታል። እንግዳ ሲመጣ ሳይጠየቅ ያሳያል፣ ይኮራበታልም።

ከጊዜ በኋላ ሐኪሞቹ ምስል ዘገየብን እያሉ መነጫነጭ ጀመሩ። ከሰርቨሩ የሚወጣው አንድ ኬብል ብቻ ስለነበር ኢኖኬ ሁለተኛ አስገዛ፤ ሁለቱንም አጣምሮ ሰርቨሩ ሥራውን እንዲያከፋፍልባቸው አዘዘው። አከፋፈሉ ቀላል ነው፤ ሰርቨሩ ምስሉን የጠየቀውን ማሽን ቁጥር ያያል፣ ተጋማሽ ከሆነ በአንደኛው ኬብል፣ ጎዶሎ ከሆነ በሁለተኛው ይልካል። ኢኖኬ ይህን የመረጠው ደስ ስላለው ነው። እኩል በእኩል፣ ግራና ቀኝ፣ ልክ እንደ ጫማ። ጠዋት ሻይ ላይ ብስኩቱን እያጠቀሰ "ከእንግዲህ መንገዳችን ሁለት ነው" ብሎ አወጀ፤ ሰዉም አጨበጨበለት።

ምስሉ ግን እንደ ድሮው እየተጎተተ ይመጣ ነበር። ኢኖኬ ሐኪሞቹን ጠረጠረ፤ በኮምፒውተሩ የራግቢ ጨዋታ እያዩ መስመሩን አጨናንቀውት ነው አለ።

በዚያ ክፍል አብራው የምትሠራ ማኬሌሲ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ከወንዝ ዳር ሰፈር የመጣች። የእሷ አገርና የእሱ ደሴት ናይታ ናቸው፤ በወግ እርስ በርስ የሚቀላለዱ ወገኖች። ናይታህ ቢሰድብህ፣ ቢያላግጥብህ፣ ከሳህንህ ላይ ቢያነሳብህ ትስቃለህ፤ የተቆጣ ሰው ራሱ ነው የሚያፍረው። ሌላው ሠራተኛ ኢኖኬን አንቱ ይለዋል። ማኬሌሲ ግን አንተ እያለች፣ ብስኩቱን እየነጠቀች ትኖራለች። ለሽማግሌ ጥፋቱን ፊት ለፊት መንገር እዚያ አገር ትልቅ ድፍረት ስለሆነ፣ የታያትን ነገር በተፈቀደላት በር፣ በቀልድ፣ ይዛ ገባች።

"አንተ ደሴተኛ!" አለችው አንድ ቀን። "ሁለት ጀልባ ሰጥተንህ ሐኪሙን ሁሉ አንዷ ላይ አጭቀህ፣ በሌላዋ ማተሚያ ታንሸራሽራለህ?"

"ሂጂ ወዲያ፣ ጭቃ በላ! እናንተ ጀልባ የት ታውቃላችሁ? በሙዝ ግንድ አይደል የምትሻገሩት?"

"የሙዙ ግንድ ይሻላል፣ ቢያንስ ሰው ይጭናል። መብራቷን እያት እስኪ፣ የሁለተኛዋን ኬብል። ተኝታለች እኮ! ዓይንህን ዓሣ በልቶብሃል?"

ኢኖኬ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። በሌላ ሳምንት ደገመችው፣ በወሩ ሠለሰችው። የእሱ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተሰብስቦ ጀልባ ሲገለብጥ በአካሏ እያስመሰለች ሁሉ አሳየችው። ሳቀ። መልሶ ሰደባት። ቀና ብሎ መብራቷን ግን አላየም።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ታላቅ ወንድሙን ሳኪዩሳን አመጡት። ሳኪዩሳ ጀልባ ሠሪ ነው፤ የቤተክርስቲያኑን ጣሪያ ቆርቆሮ ሲመታ አዳልጦት በጭንቅላቱ ወደቀ። ስካን ቤቱ ከግቢው ማዶ፣ ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ዋናው ሕንፃ ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ሁሉ በየክፍሉ ሲዞር የበሽተኞቹን ምስል የሚከፍትበት ሰዓት ነው። ሐኪሟ ኒርማላ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ የሳኪዩሳን ራስ ምስል ትጠብቃለች። ኢኖኬ ከኋላዋ ቆሟል።

ምስሉ ከላይ ወደ ታች እየተቆራረጠ፣ ጣት ጣት እያከለ ይወርዳል። አጥንቱ ታየ። ከዚያ ቆመ።

"አጎቴ ኢኖኬ፣ ምን ነካው? ደሙ የቱ ጋ እንደሆነ ሳላይ ራሱን እንዴት ልክፈተው?" አለች ሐኪሟ፤ እዚያ አገር ትልቅ ሰው ባይዛመዱትም አጎቴ ይባላል።

"ይመጣል ዶክተር። ሁለት ኬብል እኮ ነው ያለን።"

"አሥር ደቂቃ ሞላ።"

"ይመጣል፣ ይመጣል" አለ ኢኖኬ፤ ላብ አጠመቀው። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ሐኪሟ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች፣ ውጭ የሚወርደውን ዝናብ ጥሳ ወደ ስካን ቤቱ ሮጠች። ኢኖኬ ወደ ክፍሉ ወረደ።

የአንደኛው ኬብል መብራት ያለ ፋታ ይርገበገባል። የሁለተኛው ጨለማ ነው። ሲያየው አንዴ ብልጭ አለ፤ ወዲያው ከኮሪደሩ ማዶ አንድ ማተሚያ ወረቀት ሲጎትት ተሰማ። ኢኖኬ ዞር ብሎ በሩ ላይ የለጠፈውን ዝርዝር አየ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት። ሁሉም ተጋማሽ። ሐኪሞቹን ሁሉ በአንድ ኬብል ላይ ያሰለፈው፣ ሌላውን ለማተሚያ ያስቀረው፣ ያ የሚኮራበት የራሱ ወረቀት ነው።

ማስተካከያው አንዲት መስመር ጽሑፍ ነበረች። ሰርቨሩ የማሽኑን ቁጥር ብቻ ማየቱን ትቶ እያንዳንዱን ጥያቄ ለየብቻ እንዲያከፋፍል አዘዘው። ሁለቱም መብራቶች አብረው መርገብገብ ጀመሩ። ላይ ሲወጣ የሳኪዩሳ ምስል ስክሪኑ ላይ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል፤ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም። ሐኪሟ በስካን ቤቱ አይታው፣ ልብሷ ከላይዋ እየተንጠባጠበ ወደ ቀዶ ሕክምና ገብታለች። ከጥበቃው እስከ ሩጫው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ባክኗል።

ሳኪዩሳ ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም፤ ምላሱም ተሳሰረ።

"ቶሎ ደርሶ ቢሆን ኖሮስ?" ሲል ኢኖኬ ሐኪሟን ጠየቃት።

"አላውቅም፣ አጎቴ። እጁ ይድን ነበር ብል ውሸት ነው፣ አይድንም ነበር ብልም ውሸት ነው። እባክዎ ይህን አይጠይቁኝ።"

ማኬሌሲን ደግሞ ኮሪደር ላይ ያዛት። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሦስት ጊዜ ነገርኩህ። ሳቅህ።"

"እንደ ሰው አትነግሪኝም ነበር? ቁጭ ብለሽ፣ በቁም ነገር?"

"ማን ሆኜ? ሃያ ስድስት ዓመት የሠራህበትን ነገር አበላሽተሃል ልበልህ? አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል?" አለችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ኢኖኬ ናይታውን አስለቅሶ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚያባብላትም አልተማረም።

ለአስተዳደሩ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ጻፈ። አለቃው አነበበና "በቃ፣ አስተካክለኸዋል አይደል?" ብሎ ፋይል ውስጥ ከተተው። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልጠየቀም። ቢቀጡት ይሻለው ነበር። እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ አስጠላው። እሁድ ዝማሬ ላይ ቆሞ አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፅ አይወጣውም፤ ያቺ አንዲት ልመናው የት እንደገባች አያውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የዓሣ ነባሪ ጥርሱን ከሳጥኑ አወጣ። እዚያ አገር የበደለ ሰው ይዞት የሚቀርበው እሱን ነው፤ ተበዳዩ በሁለት እጁ ከተቀበለው ይቅርታው ሆነ፣ ካልተቀበለው አልሆነም። ወንድሙ ቤት ሲደርስ ሳኪዩሳ ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሚስቱ ኬሌራ ጎደሬ ትልጣለች። ኢኖኬ በሩ ሥር፣ ዝቅ ካለው ቦታ ተቀመጠ።

"ወንድም ጋሼ" አለ። "ያን ቀን ምስልህ የዘገየው በእኔ እጅ ነው። መንገዱ ሁለት ነበር፤ እኔ በደረደርኩት ቁጥር ሁሉም በአንዱ ሄደ። ተነግሮኝም ነበር። ሳቅሁ።"

ኬሌራ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ዶክተሯ እኮ እግዜር ነው የሚያውቀው ብላናለች።"

"እሷ አታውቅም። እኔ የማውቀውን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።"

"ታዲያ ለምን ነገርከን? ባናውቅ ምን ነበረበት?" አለች ኬሌራ። "አሁን በየማለዳው ሸሚዙን ስቆልፍለት አንተን ላስብ ነው? ለእኔ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ ሆድ እንዲቀልልህ?"

ኢኖኬ ጥርሱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ክንዱ ዛለ። ኬሌራ ባሏን አየችው፤ ተነስታ ጎደሬውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ሳኪዩሳ የሆነ ድምፅ አወጣ፤ ቃል አልነበረም። ግራ እጁን ዘርግቶ የጥርሱን አንድ ጫፍ ያዘ። ከዚያ ሁለተኛውንም ሊያነሳ ትከሻውን አንዴ፣ ሁለቴ ነቀነቀ፤ ቀኝ እጁ ከጭኑ ላይ አልተነሳም። ዓይኑን ከታናሽ ወንድሙ ሳያነሳ ጠበቀው።

ኢኖኬ በጉልበቱ ቀረበ። ያንን እጅ አነሳና በሌላው የጥርሱ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈለት። እጁ ከባድ ነው፣ ሞቅ ይላል። ቢለቀው ስለሚወድቅ፣ ኢኖኬ አልለቀቀውም።