ጥለት የታሰረበት ጋሪ

ልደታ ባለው የሕፃናት ዕቃ መደብር ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ባለቤቱ ጋሽ ሸምሱ አንድ ጠረጴዛና አንድ ደብተር ሰጥተው «ተመላሽ ዕቃ ያንቺ ነው» አሉኝ። ደንቡ አጭር ነበር። የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳ ዕቃ በሌላ ዕቃ ይለወጣል። ደብተሩ ላይ «ምክንያት» የሚል ዓምድ ነበረው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ ላይ እውነት የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጋሽ ሸምሱ ከዱባይ አዲስ ዘዴ ይዘው መጥተው ነበር። ነፍሰ ጡሯ የምትፈልገውን ታስመዘግባለች፣ ዘመድ ከዝርዝሩ መርጦ ይገዛል። ወጣቶቹ ወደዱት። አማቶች ግን ስጦታ ታዞ ይመጣል እንዴ እያሉ ብርድ ልብስ ገዝተው ይሄዳሉ። አራስ ጥየቃው ሲያልፍ ብርድ ልብሶቹ እኔ ጋ ይመለሳሉ። ምክንያት፦ «ጠበበው»። ብርድ ልብስ እንደሚጠብ ያወቅሁት እዚያ ነው።

አንድ ቀን አንድ ጺማም ሰውዬ የሕፃን ጋሪ እየገፋ መጣ። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ለልጅ ልጃቸው የገዙት ነው። ሚስቱ ሰላም ያስመዘገበችው ግን የገላ መታጠቢያ ሳፋና ዳይፐር ነበር። የሚኖሩት ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ያን የሚያህል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቴ እንዳትሰማ ብሎ ለመነኝ። ምክንያት፦ «ቀለሙ»።

ጋሪውን በር አጠገብ ለሽያጭ አቆምኩት። እጀታው ላይ የታሰረውን ቁራጭ የነጠላ ጥለት ግን ሳልፈታው ቀረሁ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አስካለ ለጋሪው የዝናብ ልባስ ሊገዙ ከጌጃ ሰፈር መጡ። ጥለቱን በጣታቸው ያዝ አደረጉና ቆሙ። ከገዛ ነጠላቸው ቀደው ያሰሩት ነው። ጎማው ለጥገና መጥቶ ነው አልኳቸው።

«መሬት ያልነካ ጎማ ምኑ ይጠገናል?» አሉኝ።

ደብተሬን መግለጥ ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ፎቁን አውቀዋለሁ፣ በዚህ ጉልበቴ ስንቴ ወጥቼዋለሁ፣ ጋሪውን የገዛሁት ጎረቤት አያት ምን ሰጠች ሲል እንዳላፍር ነው አሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«እዚህ እንዳየሁት እንዳትነግሪያቸው የኔ ልጅ። ምራቴ ካፈረችኝ ልጁን ይዛ ደጄን አትረግጥም።»

እሺ አልኳቸው። ጋሪውን ወደ መጋዘን አስገባሁት።

ክርስትናው ሲቃረብ ጺማሙ ተመልሶ መጣ። እናቴ ጋሪው የት አለ ካለች አለቅን፣ ለአንድ ቀን አውሱን አለ። ለጋሽ ሸምሱ ነገርኳቸው። «ሱቅ ነው የከፈትኩት ዕድር?» ብለው ጮኹ። ከዚያ ጎማው ጭቃ እንዳይነካ ብለው ፈቀዱ።

በክርስትናው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በመደብሩ በር አለፉ። ልጁን ሰላም ታቅፋዋለች። ወይዘሮ አስካለ ባዶውን ጋሪ ይገፋሉ። አብራቸው ለምትሄደው ጎረቤት፣ ምራቴ ጋሪውን ወዳው ልትሞት ነው ሲሉ ሰማኋቸው። ሰላም አንገቷን ደፋች። እኔን ግን አይተውኝ እንደማያውቁ ሆነው አለፉ። ዕንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ።

ሰኞ ጋሪው ተመለሰ። ምክንያት፦ «ክርስትናው አለፈ» ብዬ ራሴ ጻፍኩ።

በእኔ ቦታ ለገባችው ልጅ ያስተማርኳት ይህንኑ ነው። የተመለሰ ስጦታ ላይ የታሰረ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ይፈታል። ዕቃው ክርስትናው እስኪያልፍ፣ ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ቀን፣ ከመጋዘን አይወጣም።