ሐሙስ የጣልኩት ሥጋ

ይህን ለንስሐ አባቴም ለሚስቴም ተናግሬው አላውቅም። ለማታውቀኝ ለአንተ መንገር ቀለለኝ፤ ይኸውም ፈሪነት ነው።

ጊንጪን አልፎ ወደ አምቦ ሲኬድ ባለች ትንሽ ከተማ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሰው ዶክተር ይለኛል፤ አይደለሁም። የሥራዬ ግማሹ ውሻ ነው። አስከትቡ ስል የሚመጣ የለም፤ እሰሩ ስል የሚያስር የለም። ውሻ ሲነክስ ግን ስልኬ እረፍት ያጣል። የጠፋ አህያ፣ አጥር የጣሰ በሬ፣ የጎረቤት ድመት ሳይቀር ወደ እኔ ነው።

በዚያ ዓመት ያበደ ውሻ ሰው ስለነከሰ፣ የሚዞሩትን ውሾች በመርዝ እንድናስወግድ ተወሰነ። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኜ በኦሮምኛም በአማርኛም ለፈፍኩ፦ ዓርብ የተመረዘ ሥጋ ስለሚጣል ውሻችሁን እሰሩ። ዓርብ ያልኩት እኔው ነኝ።

ሥጋው ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። ማቀዝቀዣ የለም። አንዲት ሴትዮ ስለ አንድ ውሻ አራት ጊዜ ደወለችልኝ። ታከተኝ። ማን ሊያስር ነው ብዬ ያኔውኑ ዞሬ ጣልኩት።

ሊያስሩ የነበሩ አንድ ሰው ነበሩ። ኦቦ ዲንቃ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ከውሻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ለዓርብ ብለው አዲስ ገመድ ገዝተዋል። ውሻው ሐሙስ ሞተ። በማግስቱ ገመዱን እንደያዙ ቢሮዬ መጡ።

"ዶክተር፣ ዓርብ አላላችሁም እንዴ?"

"ሐሙስ ነው ያልነው። ቀኑን ተሳስተዋል" አልኳቸው።

ለምን ዋሸሁ? ማን ሊከሰኝ? ስንት ዓመት የሚሰማኝ አጣሁ ብዬ የተማረርኩ ሰውዬ፣ የሰሙኝን አንድ ሰው ዋሸኋቸው። ጎረቤት ቢጠይቁም ልፈፋዬን ከቁም ነገር የቆጠረው ስለሌለ የሚመሰክርላቸው አላገኙም።

የያዙትን ገመድ አዩት። "እርጅና ነው። ውሻዬን ራሴ ገደልኩት በለኛ" አሉ። ቀጥለውም ሥራ ስላስፈቱኝ ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔም አላፍር ብዬ፣ ችግር የለም አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ራሳቸውን አያምኑም። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ቀኑ ምን እንደሆነ የሚጠይቁት እኔን ነው።

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልልም። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም፤ የተበደልከው አንተ አይደለህም። ቤታቸው ከቢሮዬ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ዛሬ ልናዘዝ ብዬ ሄጄ፣ ሰኞ መሆኑን ነግሬያቸው፣ አመስግነውኝ ተመለስኩ።